ጌታው ከሄደ በኋላ

አሪቻ በቡና ነጋዴዎች ዘንድ ስሟ ከስፋቷ የሚበልጥ ቀበሌ ናት። በጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ በስተደቡብ፣ በይርጋ ጨፌ ዙሪያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ባሕር ማዶ ያለ ቡና ቆይ ስሟን ከረጢት ላይ አንብቦ ዋጋ ይጨምራል፤ እንግዳ ግን እዚያው ደርሶ እርሻውን ለማየት ሲፈልግ ግራ ይጋባል። በመስመር የተተከለ፣ ዳር እስከ ዳር ተራቁቶ የሚታይ የቡና ማሳ የለም። የሚታየው ጫካ ነው። ትንሽ ቆም ብሎ ላስተዋለ ጫካው ራሱ እርሻ መሆኑ ይገለጥለታል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ዘርግተዋል፤ ከሥራቸው እንሰት ሰፊ ቅጠሉን አንጠልጥሏል፤ ከእንሰቱ ጎን ቡናው ቆሟል፤ ከቡናው ሥር ጎደሬና ጎመን አለ፤ በመካከሉ ከሣር ክዳን ላይ ጭስ ይወጣል። እያንዳንዷ ቁራጭ የአንድ ቤተሰብ ጓሮ ናት፤ የአንዱ ጓሮ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር የሚያውቁት ባለቤቶቹ ናቸው።

የዚህ መሬት አብዛኛው ክፍል እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በሕግ የሚቆጠረው በሌላ ሰው ስም ነበር። የጌታ ርስት ነበር። ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው ርስቱ የት ገባ የሚለውን ነው። በብዙ የዓለም ክፍል፣ በአገራችንም ጭምር፣ የጥንት ጌቶች ያማሩ ርስቶች ዛሬ ሆቴልና መዝናኛ ሆነው እንግዳ ይቀበላሉ። በአሪቻ ተዳፋት ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልተፈጠረም። ምክንያቱ ቦታው ስላላማረ ወይም ዓለም ስላላወቀው አይደለም። ርስቱ ራሱ በተሠራበት መንገድ ውስጥ ነው ያለው፤ እሱን ለመረዳት ደግሞ መጀመሪያ ራቅ ብለን አንድ ደሴት ማየት ይጠቅመናል።

በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት የባሕር ጠረፍ ላይ ጄኪል የሚባል ደሴት አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ክሪስቶፍ ፑላን ዱ ቢኞን የተባለ ፈረንሳዊ መርከበኛ ከሸሪኮች ጋር ገዛው፤ በ1800 እ.ኤ.አ. ገደማ ደግሞ ጠቅልሎ የግሉ አደረገው። ከዚያ በኋላ ደሴቱ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአንድ ቤተሰብ ርስት ሆኖ ኖረ። ያበለጸገው ጥጥ ነበር፤ ጥጡን የዘሩትና የለቀሙት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። አሜሪካ ከውጭ ባሪያ ማስገባትን በ1808 እ.ኤ.አ. ከልክላ ነበር። ሆኖም ሃምሳ ዓመት ቆይቶ፣ በኅዳር ወር 1858፣ ዋንደረር የተባለች መርከብ ከ400 በላይ አፍሪካውያንን በሕገ ወጥ መንገድ ያራገፈችው በዚሁ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ነው።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ሲያስወግድ የጥጡ ርስት አብሮ ወደቀ። የቀረው መሬት፣ የባሕር ዳርቻ፣ አጋዘንና ወፍ ነበር። የቤተሰቡ ተወላጅ ጆን ዩጂን ዱ ቢኞን ከእህቱ ባል ጋር መክሮ አንድ ነገር አሰበ፤ ከዘመዶቹ እጅ የወጡትን ድርሻዎች መልሶ ሰብስቦ ደሴቱን በሙሉ በ1886 በ125 ሺህ ዶላር ለአንድ የሀብታሞች ክበብ ሸጠ። ክበቡ በጥር 1888 ተከፈተ። አባላቱ ከመቶ እንዳይበልጡ ተወሰነ፤ ጄ ፒ ሞርጋን፣ ዊሊያም ሮክፌለር፣ ጋዜጠኛው ጆሴፍ ፑሊትዘር ከነሱ መካከል ነበሩ። የኒውዮርክን ብርድ ሸሽተው ክረምቱን ለአደን እዚያ ይወርዱ ነበር። በ1910 ጥቂት የባንክ ሰዎችና አንድ ሴናተር ለዳክዬ አደን እንደሚሄዱ አስወርተው እዚሁ ደሴት ላይ ተሰበሰቡና የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ የመጀመሪያ ንድፍ አወጡ።

ክበቡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1942፣ ተዘጋ። በ1947 የጆርጂያ መንግሥት ደሴቱን በ675 ሺህ ዶላር ወስዶ የሕዝብ መዝናኛ አደረገው። የሕዝብ ሲባል ግን የነጮች ማለት ነበር። ጥቁር ጆርጂያውያን ልጆቻቸውን ይዘው ባሕር እንዲገቡ ከ1950 ጀምሮ የተፈቀደላቸው በደቡብ ጫፍ፣ ቅዱስ እንድርያስ በተባለው ዳርቻ ብቻ ነው፤ ያም ዋንደረር ሰዎቿን ያራገፈችበት አካባቢ ነው። ክልከላው የተነሣው በ1964 ነው። ዛሬ የክበቡ ሕንፃ ሆቴል ሆኗል፤ ሕግ ከደሴቱ መሬት የሚበዛውን እጅ ከግንባታ ይከላከላል፤ በደቡቡ ዳርቻ ደግሞ በ2018 የዋንደረርን ሰዎች የሚያስታውስ የእግር መንገድ ተከፍቷል። መርከቧ ከመጣች 160 ዓመት ሞልቶ ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው አንድ ነገር ግልጽ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ርስት ወደ መዝናኛ የሚለወጠው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙለት ነው። ዳርቻው የታወቀ አንድ ወጥ መሬት መሆን አለበት፤ የጌታ ቤት ያስፈልገዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመሬቱ ላይ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ከመሬቱ ላይ መነሣት አለባቸው። ደሴት እነዚህን ሦስቱንም በተፈጥሮው አሟልቶ ይገኛል። ባሕሩ አጥሩ ነው፤ ሠራተኛው ሲሄድ የሠራተኛው ታሪክም አብሮት ይሄዳል፤ በኋላ የሚመጣው እንግዳ መሬቱን ከመጀመሪያው ባዶና ሰላማዊ የነበረ ያህል ያየዋል።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ወንዶ ገነት ነው። ከሻሸመኔ ብዙም ሳይርቅ፣ ተራራ ሥር፣ ፍል ውሃ ይፈልቃል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያ ማረፊያ ነበራቸው። አብዮቱ ሲመጣ ንብረቱ ለመንግሥት ሆነና በዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች ሥር ለእንግዳ ተከፈተ። ገንዳው፣ የአትክልቱ ቦታ፣ ዛፎቹ ሁሉ ሳይበተኑ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ወደ መንግሥት ድርጅት ተላለፉ። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ስንት ሙሽሮች እዚያ ውሃ እንደገቡ፣ ስንት የመሥሪያ ቤት ስብሰባ እዚያ እንደተካሄደ የሚቆጥር የለም። መሬቱ የታጠረ፣ ቤቱ የተሠራ፣ አገልጋዩ በደመወዝ የሚኖር ስለነበር ቁልፉን ማስረከብ ብቻ በቂ ሆነ። ጌታው ሲሄድ ቦታው ባለቤት ለወጠ እንጂ መልኩን አልለወጠም።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንመለስ፤ እዚህ ርስት ሌላ ዓይነት ነገር ነበር።

የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ደቡብ ሲወርድ የጌዴኦ ምድር በሲዳሞ ግዛት ሥር ሆነ፤ ለረጅም ዘመን የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ናቸው። መንግሥት ለወታደሩና ለሹሙ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ደመወዝ በመሬት፣ በትክክል ለመናገር በሰው፣ ይከፈል ነበር። ለአንድ ነፍጠኛ እንደ ማዕረጉ ይህን ያህል ገባር ይሰጠዋል። ገባሩ ከምርቱ ይገብራል፣ የጌታውን አጥር ያጥራል፣ ቤቱን ይሠራል፣ ዕቃውን ይሸከማል፣ ሚስቱ እህል ትፈጫለች። ጌታው ግን አያርስም፤ የትኛው እንሰት መቼ እንደሚነቀል፣ የትኛው ዛፍ ለጥላ እንደሚቀር አያዝም። ጌትነቱ በመሬቱ ላይ ከመሆኑ በፊት በሰውየው ላይ ነበር።

መሬቱ በቀላድ መለካት ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ቀላድ ገመድ ነው፤ በገመድ የተለካ መሬት በጋሻ ይቆጠራል፣ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይደርሳል። የተለካው መሬት በመዝገብ ላይ በአንድ ሰው ስም ይሰፍራል፤ ግብሩን ለመንግሥት የሚከፍል ሰው ባለ መሬት ነው ይባላል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች የገባሩን የጉልበት ግዴታ ቢያስቀሩም፣ በመዝገብ ስሙ ያልሰፈረው ገበሬ በአባቱ ጓሮ ላይ ጭሰኛ ሆነ። ሲሶ፣ አንዳንዴም እኩሌታ፣ ለባለ ርስቱ ያካፍላል።

እዚህ ላይ ቡና ገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወጣ፣ ትናንት ገብስና ማር ይቀበል የነበረ ባለ ርስት ዛሬ ሻንጣ ሙሉ ብር የሚያመጣ ዛፍ በርስቱ ላይ እንዳለ አወቀ። ጭሰኝነት በየትም ቦታ መራራ ነው፤ በቡና አገር ግን የተለየ መርዝ አለው። ጤፍ የሚዘራ ጭሰኛ ቢባረር የሚያጣው የዓመት ልፋቱን ነው። ቡና የተከለ ሰው ግን ሦስት፣ አራት ዓመት ሳያፈራለት ይጠብቃል፤ ዛፉ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ያፈራል። መሬቱ የሌላ ሰው ቢሆን ዛፉስ የማን ነው? የተከለው ገበሬ “የእኔ ነው” ይላል፤ ባለ መዝገቡም “የእኔ ነው” ይላል። እያንዳንዱ አዲስ ችግኝ አዲስ ክርክር ሆነ። በእኔ እምነት የጌዴኦን የእነዚያ ዓመታት ታሪክ ከዚህ ጥያቄ ውጭ መረዳት አይቻልም።

ክርክሩ በ1952 ዓ.ም. በጌዴኦ፣ ሚጨሌ በተባለው ቦታ፣ ወደ አመፅና ወደ ደም ተለወጠ። አብዛኛው ገበሬ የያዘው ጦርና ጎራዴ ነበር፤ በሌላው ወገን ጠመንጃ ነበር። የሆነው በሁለቱ መሣሪያዎች ልዩነት ሊገመት የሚችለው ነው፤ ብዙ ገበሬ ወደቀ፣ አመፁ ከሸፈ፣ ኪራዩ ቀጠለ። አዲስ አበባ ውስጥ ተማሪዎች “መሬት ላራሹ” ብለው ለሰልፍ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያን የመሬት ትግል ከተማሪዎቹ ሰልፍ የሚጀምሩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ከዚያ አምስት ዓመት አስቀድሞ ጥያቄውን በሕይወታቸው ያነሡት የሚጨሌ ገበሬዎች በእነዚያ ገጾች መጀመሪያ ላይ ሊቀመጡ ይገባል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ አወጣ። ባለ ርስትነት ቀረ፣ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተከለከለ። በብዙ የአገሪቱ ክፍል አዋጁ ሽንሸና አስከትሏል፤ መሬት ተለክቶ፣ ተቆራርሶ፣ ለዚህና ለዚያ ታድሏል። በጌዴኦ ተዳፋት ላይ የሆነው ከዚያ ይለያል። ለመሸንሸን መጀመሪያ አንድ ትልቅ ማሳ ያስፈልጋል፤ እዚህ ያለው ርስት ግን ድሮም የብዙ ትናንሽ ጓሮዎች ድምር ነበር። የዱ ቢኞን ቤተሰብ ጥጡን ለማምረት በባርነት የያዛቸውን ሰዎች ከሌላ ቦታ አምጥቶ ደሴቱ ላይ አሰፈረ። የጌዴኦ ባለ ርስት ግን ከእሱ በፊት እዚያው ተወልዶ፣ ተክሎ፣ ቤት ሠርቶ የሚኖር ሰው ላይ ስሙን ጻፈ። ርስቱ የነበረው በመዝገብ ቤት ነው። መዝገቡ ሲሻር፣ ጓሮው ከነእንሰቱና ከነዋንዛው ከተከለው ሰው እጅ ላይ ቀረ። የወንዶ ገነት ዓይነት ቁልፍ አልነበረም፤ የሚረከበውም ሰው ውጭ ቆሞ አይጠብቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን ሁሉ ምቹ ነበር ማለቴ አይደለም። በደርግ ጊዜ ገበሬው ቡናውን መንግሥት በቆረጠለት ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። የዓለም ገበያ ሲወድቅ አሪቻ ላይ ያለች እናት የልጇን የትምህርት ቤት ወጪ ትሰርዛለች። ትውልድ በበዛ ቁጥር ጓሮው ይጠባል፤ ጌዴኦ በገጠር ኗሪ ብዛት ከአገሪቱ እጅግ ከተጨናነቁት ዞኖች አንዱ ነው፤ ከአባቱ ግማሽ ሄክታር ቡና ላይ ድርሻ የሚጠብቅ ወጣት ወደ ዲላ ወይም ወደ ሐዋሳ ማማተሩ አይቀርም። ግን አንድ ነገር አልተናወጠም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ እሸቱን የሚለቅመው ሰው ዛፉን የተከለው ሰው፣ ወይም ልጁ፣ ወይም የልጅ ልጁ ነው።

የእሸቱን መንገድ ትንሽ እንከተለው፤ የመሬቱ ታሪክ በሥራው ላይ ይታያልና። የተለቀመው እሸት በዚያው ቀን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይወርዳል። ቢያድር ይፈላል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ጣቢያው ላይ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በማሽን ይፈለፈላል፣ በገንዳ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ሙጫው እስኪለቅ ይቆያል፣ በውሃ ቦይ ይታጠባል፣ ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ለሁለት ሳምንት ገደማ ይደርቃል። በአልጋዎቹ ዙሪያ ሴቶች ቆመው የተሰበረውንና የተበላውን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይፈልጋል። እነዚያን ስድስት ኪሎዎች የሚያቀርበው የአንድ ጌታ እርሻ ቢሆን ኖሮ ጥራቱ በአንድ አለቃ ትእዛዝ ይጠበቅ ነበር። እዚህ ግን አንድ ጭነት ከመቶዎች ጓሮ የተዋጣ ነው፤ ጥራቱም በመቶዎች ሰዎች እጅ ላይ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከ40 ሺህ በላይ አባላት ያሉት ለዚህ ነው። በሌላ አገር በጥቂት ባለ ርስቶች ስም የሚመዘገብ ምርት እዚህ የእልፍ ቤተሰብ ስም ይዟል።

እንግዳው ግን መምጣቱ አልቀረም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የተመዘገበው ለብቻው የቆመ ሐውልት ወይም ቤተ መንግሥት አይደለም። እንሰቱና ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር የሚኖሩበት እርሻ፣ ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው ቅዱሳን ደኖች፣ በሸንተረሮቹ ላይ የቆሙት የጥንት ትክል ድንጋዮች፣ ሁሉም በአንድነት ገብተዋል። ጨልባ ቱቱቲንና ቱቱ ፈላን የሚያህል የትክል ድንጋይ ክምችት በአገራችን ሌላ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። ከቅዱሱ ደን ዛፍ ለመቁረጥ የሽማግሌዎች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህም ሶንጎ የተባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ለዘመናት የተከራከረበትና የወሰነበት ጉዳይ ነው። ዩኔስኮ ያደነቀው ውበት እንግዲህ የሥራ ውጤት ነው፤ ሠራተኛውን ካነሱት ይጠፋል። እንሰቱ በየዓመቱ ካልተተከለ፣ ጥላው በልክ ካልተመለመለ፣ ተዳፋቱ በጎርፍ ይታጠባል።

ስለዚህ የጄኪልም የወንዶ ገነትም መንገድ እዚህ አያስኬድም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ወንጪና ጎርጎራን የመሰሉ ቦታዎች በትልቅ ገንዘብ ለእንግዳ ተሠርተዋል፤ ሐይቅ ዳር ወይም ተራራ ጫፍ ላይ አዲስ ሎጅ መሥራት የሚቻል ነገር ነው። የጌዴኦ ቡና አገር ግን ሎጅ የሚያርፍበት ትርፍ ሜዳ የለውም። አንድ ሰፊ መዝናኛ አሪቻ ላይ ይሠራ ቢባል፣ የሚነሡት ጓሮዎች እንግዳው ሊያይ የመጣቸው ጓሮዎች ይሆናሉ። ይህን የምጽፈው ሥጋት ስላለኝ ነው። የቡና ጉብኝት የሚባለው ንግድ በዓለም ላይ እያደገ ነው፤ በላቲን አሜሪካ የድሮ የቡና ጌቶች ቤቶች የእንግዳ ማረፊያ ሆነው ጎብኚ በረንዳቸው ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። ባለ ሀብትም ሹምም ያንን አይቶ ሲመለስ ለይርጋ ጨፌም ተመሳሳይ በረንዳ ቢመኝ አይገርምም። በረንዳው ግን ያለ ጌታ ቤት አልተሠራም፤ የጌታው ቤትም ያለ ጭሰኛ አልቆመም።

የሚቻለው ሌላ ነገር ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው። አንድ ቤተሰብ ከቤቱ አጠገብ ንጹሕ ክፍል ይሠራል፤ እንግዳው እዚያ ያድራል፤ ጠዋት ቆጮና ቡና ይቀርብለታል፤ ለቀማ ከሆነ ቅርጫት ይዞ አብሮ ይወርዳል፣ ማጠቢያ ጣቢያው ላይ ሚዛኑን ያያል፣ ከሰዓት ሽማግሌ ቀድሞለት ወደ ትክል ድንጋዩ ይወጣል። ገንዘቡ ለክፍሉ ባለቤት፣ ለመሪው፣ ድንጋዩን ለሚጠብቀው ማኅበረሰብ ይከፋፈላል። ይህ እንዲሠራ መንገዱ በክረምት ማስኬድ አለበት፣ ንጹሕ ውሃ መኖር አለበት፣ እንግዳውን የሚያስተናግድ ወጣት ቋንቋና የሒሳብ አያያዝ መማር አለበት። ዲላ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ትምህርቱን ለመስጠት ከሱ የቀረበ ተቋም የለም።

ሕጉም ለዚህ በር ይከፍታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የገጠር መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ አድርጎ ለገበሬው የመጠቀም መብት ሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የ1997ቱ የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ደግሞ ገበሬው ከይዞታው ላይ የተወሰነውን እንዲያከራይ ፈቅዶለት አንድ ገደብ አኑሮበት ነበር፤ ኪራዩ ገበሬውን ከመሬቱ የሚያፈናቅል መሆን አልነበረበትም። በገበሬው እጅ ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በስሙ የተጻፈ ነው፤ በባልና በሚስት የተያዘ ከሆነ በሁለቱም ስም። ከአሪቻ ገበሬዎች ብዙዎቹ በስማቸው የተጻፈ የመሬት ወረቀት ከቤተሰባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙት እነሱ ናቸው፤ ለእንግዳ ክፍል የሚሆን ብድርም ሆነ የኪራይ ውል ይዞ የሚመጣ ሰው ንግግሩን መጀመር ያለበት ያንን ደብተር ከያዘው ባልና ከሚስቱ ጋር፣ እዚያው ጓሯቸው ውስጥ ተቀምጦ ነው።